ኮፍያው ሲወልቅ

ሬጅ ኦልድሮይድን በከሰል ከተማችን በተርንሾ ሁሉም ሰው «ክብሪት» ይለው ነበር። ስሙ የወጣለት ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ኳሱን በእጅ ይዘው በሚሮጡበት የራግቢ ሜዳ ላይ ነው። ጨዋታው በደህና እየሄደ ሳለ ድንገት ቱግ ይልና ኳስ ያልያዘውን ሰው ይጥላል፤ ወይም የጣለው ሰው ላይ እንደ ፍራሽ ተዘርግቶ አልነሳም ይላል። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ የኛ ሰው በሙሉ በአንድ አፍ «ኤጭ! ደግሞ ተለኮሰ!» ይላል። እንግዲህ ይኸው ክብሪት የተባለው ሰው እሑድ ጠዋት ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ የመንገዳችንን ወንዶች ጢም በምላጭ ይላጫል። ቅዳሜ የሰደቡት ሰዎች እሑድ ጉሮሯቸውን አንጋጥጠው ይሰጡታል። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ አልቆረጠም። ነገሩን ከነገሩ አያይዞ ያሰበ ግን አንድም ወንድ አልነበረም፤ ወንዶች ሲባሉ ጢማቸውን እንጂ ጭንቅላታቸውን ለማንም አያስነኩም።

እኔ ዊኒ ፈርዝ ነኝ። የክለቡን ሻይ ከሃያ ሁለት ዓመት በላይ ቀድቻለሁ። የሻይ መሸጫዬ የቆርቆሮ ቤት መስኮት የሚከፈተው ልክ ወደ ሜዳው መሃል ስለሆነ፣ ከእኔ ይበልጥ ጨዋታ ያየ ሰው ተርንሾ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። የቡድኑ አሰልጣኝ አባቴ ክላረንስ ነበር። በሥራ ቀን ደግሞ ከሰል ማውጫው ውስጥ የፈረቃ አለቃ ነው። ስለዚህ ሬጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከመሬት በታች፣ ቅዳሜ ደግሞ ከመሬት በላይ የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ነበር።

አባቴ መላጣ ነው። በመላጣነቱ ያፍር ስለነበር ከጸሎት ቤት በቀር ኮፍያውን የትም አያወልቅም። እራት የሚበላው ኮፍያውን እንዳደረገ ነው፤ እናቴን የቀበረውም ኮፍያውን እንዳደረገ ነው። እና አንድ የጥር ቅዳሜ፣ በዚያ ዝናብ፣ ከመስመሩ ዳር ቆሞ ኮፍያውን ሲያወልቅ አየሁትና «አባዬ አመመው» ብዬ ደነገጥኩ። ወዲያው ሬጅ አንዱን ሰው ያለ ኳስ ጣለው፤ ፊሽካ ተነፋ። አባቴ ኮፍያውን መልሶ ደፋ። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ኮፍያው ወለቀ፣ እንደገና ሬጅ ቱግ አለ። በሦስተኛው ጊዜ አፌን ከፍቼ ሳይ የምቀዳው ሻይ ሞልቶ ፈሰሰብኝ።

ጨዋታው ሲያልቅ ሬጅ የሥጋ ፓይና አተሩን ሊወስድ መጣ።

«ሬጅ፣ አንተ እኮ ምንም አትናደድም!» አልኩት።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፣ ዊኒ» አለኝ። «ስኳር ጨምሪበት።»

«ካልነገርከኝ ስኳር የለም።»

ሳቀ። ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ በሹካው አተሩን መደርደር ጀመረ።

«ይኸውልሽ። ከሚጣለው ይልቅ የሚደክመው የሚጥለው ነው። እነሱ ስድስት ጊዜ እስክንጥላቸው ኳሱን ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ በያንዳንዱ ጊዜ ወደ ኋላ እየሮጥን እንደገና እንጥላለን። አንዳንዴ ነፋሱ በነሱ በኩል ይሆናል፤ አንዱ ሳይነሳ ሌላው ይመጣል። ያኔ የኛ ልጆች በትከሻ መግጠም ትተው በእጅ መያዝ ይጀምራሉ። በእጅ መያዝ ከጀመሩ ነገር አለቀ፤ ከሁለት መጣል በኋላ መስመሩን ተሻግረው ሦስት ነጥብ ያስቆጥራሉ።»

«እና አንተ ፋውል ስትሠራ ምን ይጠቅማል? ኳሱን እንደገና ለነሱ ሰጥተህ!»

«ኳሱን እሰጣለሁ፤ ሠላሳ እርምጃም እሰጣለሁ። አዲስ ስድስትም ያገኛሉ። ግን ዳኛው ይራመዳል፣ እነሱ ኳሱን ወደ ዳር ይመታሉ፣ ከዚያ ሁሉም ወደዚያ ይሄዳል፣ አንዱ ጫማውን ያስራል። በዚያ መሃል የኛ ልጆች ትንፋሻቸው ይመለሳል። የነሱ ሩጫ ደግሞ ይሰበራል። እየሮጠ ያለን ሰው አቁመሽ እንደገና ሩጥ ብትይው እንደ ቅድሙ አይሮጥልሽም።»

«ታዲያ ሁልጊዜ ለምን አታደርጉትም?»

«ኧረ ተይኝ! ሕግ አለው። በሜዳው መሃል እንጂ ከጎሉ ቋሚዎች ፊት ለፊት አይደረግም፤ እዚያ ከሆነ ቅጣቱን በቀጥታ መትተው ሁለት ነጥብ ይወስዳሉ። ሁለት ጊዜ አከታትሎ አይደረግም፤ ሁለተኛው ለእነሱ ጉልበት ነው የሚሆናቸው፣ የኛም ልጆች እርስ በርስ መነካከስ ይጀምራሉ። ሦስተኛ ካከታተልኩ ዳኛው መልኬን ያስታውሳል፤ ከሜዳ ተባርሬ ብቻዬን ገላዬን ልታጠብ እሄዳለሁ።» አተሩን በአንድ ጉርሻ ጨረሰው። «ከሁሉ በላይ ሆን ብዬ መሆኑን ዳኛ ካወቀ ያን ቀን ተባረርኩ። ስለዚህ ቱግ ያለ ሰው መምሰል አለብኝ።»

«ሰው ሁሉ እኮ ዕብድ ነው የሚልህ።»

«ይበል» አለ። «ስኳሬስ?»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን በመጀመሪያው ሳምንት ለከተማው ሁሉ አውጄው ነበር።

ነገሩ የመረረው ሬጅ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው። በኛ ጉድጓድ ከሰሉ ያለበት ንጣፍ ቁመቱ ከጠረጴዛ አይበልጥም፤ የሚቆርጠው ሰው ስምንት ሰዓት በጉልበቱ ተንበርክኮ ይውላል። የሬጅ ግራ ጉልበት ደግሞ በከሰሉም በኳሱም አልቆ ነበር። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ አንድ ዓመት አይቆይልህም» አለው። ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ከላይ፣ ከሽማግሌዎቹና ከአካል ጉዳተኞቹ ጎን ቆሞ ከከሰሉ ውስጥ ድንጋይ መልቀም ነው። ለሬጅ ያ ማለት በቁሙ መቀበር ነበር። ሁለተኛው ከሰሉን በፍንዳታ የሚንደው ድማሚት ተኳሽ መሆን ነው፤ ተኳሽ ይራመዳል እንጂ አይንበረከክም። በዚያ ጸደይ አንድ ቦታ ተከፈተ። ሬጅ ፈተናውን አለፈ፤ የቀረው የሥራ አስኪያጁ የሚስተር ካልቨርሊ ፊርማ ብቻ ሆነ።

ካልቨርሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጨዋታ ያያል።

«ባሩድና ክብሪት በአንድ ኪስ አልይዝም» አለው ሬጅን። «ፊሽካ ሲሰማ ራሱን የሚስት ሰው ድማሚት እንዴት ይያዝ? የመጨረሻ መልሴን ከዋንጫው ጨዋታ በኋላ ሰኞ እሰጥሃለሁ።»

ሬጅ «እሺ፣ ሚስተር ካልቨርሊ» ብሎ ወጣ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለው! የኮፍያውን ምስጢር ላያወጣ ለአባቴ ቃል ገብቶ ነበርና ቃሉን ጠበቀ።

ሚስቱ ሂልዳ ግን እንደሱ አልነበረችም። በማግስቱ መስኮቴን ልትሰብረው ምንም አልቀራት።

«አባትሽ ሄዶ ይናገርለት! ሃያ ዓመት ሙሉ ባሌን ዕብድ ያስባለው እሱ ነው! ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማም?»

ማታ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት።

«ከዋንጫው በኋላ እነግረዋለሁ» አለኝ።

«አባዬ፣ ሰኞ እኮ ነው የሚወስነው።»

«ከዋንጫው በኋላ አልኩ!» ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ጎትቶ ድንቹን መብላት ቀጠለ። ተናደድኩ። ሳህኑን ከፊቱ ባነሳበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አባቴ ነው።

የዋንጫው ጨዋታ ከኮልተን ጋር፣ ዕጣ ወጥቶ በኛ ሜዳ ሆነ። ኮልተን ከኮረብታው ማዶ ያለች መንደር ናት፤ በመሃላችን ሁለት ማይልና መቶ ዓመት ቂም አለ። በመጀመሪያው አጋማሽ ኮፍያው ሁለት ጊዜ ወለቀ፤ ሬጅ ሁለት ቅጣት ሰጠ። ሁለቱም በቦታቸው፣ በሜዳው መሃል ነበሩ። ሂልዳ ከአጥሩ ዳር ቆማ ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች።

በእረፍቱ ካልቨርሊ እንደ ልማዱ ስኳር የሌለበት ሻዩን ሊወስድ መጣ።

«ሰውዬው ዛሬም ተለኩሷል» አለኝ እየሳቀ።

ያቺ ሳቁ ናት ያቃጠለችኝ። «ሚስተር ካልቨርሊ» አልኩት፣ «በሁለተኛው አጋማሽ ሬጅን አይዩት። የአባቴን ኮፍያ ይዩ።»

«ኮፍያ?»

«ሲወልቅ ይዩ። ከዚያ ሬጅን ይዩ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ብርጭቆውን ይዞ ሄደ፤ እኔ ግን ለቀጣዩ ሰው ሻይ በሻይ ላይ ቀዳሁለት።

ሁለተኛው አጋማሽ ሲጀመር አሥራ ሁለት ለስምንት እየመራን ነበር። ኮልተኖች እንደ ጎርፍ መጡብን። የኛ ልጆች በእጅ መያዝ ጀመሩ። ኮፍያው ወለቀ፤ ሬጅ ጮሆ ተንደርድሮ አንዱን ሰውዬ ኳሱን ከለቀቀ በኋላ ጣለው። ፊሽካ። ካልቨርሊ መጀመሪያ አባቴን፣ ቀጥሎ ሬጅን፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ኮልተኖች ኳሱን ወደ ዳር መቱ፤ በዚያ መሃል ልጆቻችን ጉልበታቸውን ይዘው አጎንብሰው ተነፈሱ። ከዚያ ስድስቱንም ጊዜ በትከሻ ገጥመው መለሷቸው። ልክ ሬጅ በአተር እንዳሳየኝ ነው የሆነው።

ሆኖም ኮልተን ኮልተን ነው፤ ቆይተው በግራ ጥግ ተሻግረው ሦስት ነጥብ አስቆጠሩ። መቺያቸው ከዚያ በኋላ የሚመታውን የተጨማሪ ሁለት ነጥብ ምት ሳተ፤ በዚያ ቀን ሲስት ሦስተኛው ነበር። አሥራ ሁለት ለአሥራ አንድ ሆነ።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር ከቋሚዎቻችን ፊት ለፊት፣ አሥራ አምስት እርምጃ ላይ ደረሱ። ልጆቻችን አልቀዋል። አንዱ ተንበርክኮ ቀርቷል፣ አንዱ ያስታውካል። ለአራተኛ ጊዜ ጣልናቸው። ያኔ አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

ሬጅ አየው። ማየቱን አይቻለሁ። ካልቨርሊም ያየዋል። ሬጅ ምንም አላደረገም።

አባቴ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ አወዛወዘው። መላጣው በከሰል አቧራ በደበዘዘው ፀሐይ አብረቀረቀ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ልብ ያላለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየው። ሬጅ ራሱን ቀስ አድርጎ ግራ ቀኝ ነቀነቀ። የመጣበትን ሰው በንጽሕና ጣለ፤ ወዲያው ተነስቶ መንገዱን ለቀቀለት። ኮልተኖች ኳሱን በፍጥነት ወደ ቀኝ አሳለፉ፤ እዚያ ያለው ልጃችን መነሳት አልቻለም። ጥግ ላይ አስቆጠሩ። መቺያቸው ከጥጉ ሞክሮ እንደገና ሳተ፤ ግን በቃ፣ አሥራ አራት ለአሥራ ሁለት። ተሸነፍን።

አባቴ ወደ ሜዳው ገባ። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ሲሄድ አላየሁትም። ኮፍያውን ከሬጅ እግር ሥር ጭቃው ላይ ወረወረው።

«ኮፍያዬን አውልቄልህ ነበር!»

ከተማው ሁሉ ሰማ። ዳኛውም ሁለት እርምጃ ላይ ቆሞ ሰማ። ከአጥሩ ዳር አንድ ሽማግሌ «ኧረ ጉድ! ለካ ኮፍያው ነው!» ሲል ነገሩ ለሁሉም ተገለጠ። ያን የሃያ ዓመት ብልሃት የገደለው አባቴ ራሱ ነው።

«ከቋሚዎቹ ፊት ለፊት ነበር፣ አለቃ» አለ ሬጅ። «የምንመራው በአንድ ነጥብ ነበር።»

«አራት ስቷል እኮ! አራት! እግሩ ጠማማ ነው!»

«የሳተው ከጥግ ከጥግ ነው። ከፊት ለፊት ቢሰጡት እናቴም አትስት።»

«ልጆቹ አልቀው ነበር!»

«አልቀው ነበር» አለ ሬጅ። «ቢሆንም በእነሱ እግር እንሸነፍ እንጂ በኔ እጅ አንሸነፍም።»

ማን ልክ እንደነበረ ተርንሾ እስከ ዛሬ ይከራከራል። እኔ ሁለት መቶ ጊዜ አስቤበት አላውቀውም።

ካልቨርሊ ብርጭቆውን መለሰልኝ።

«ስለ ቁጣው ተሳስቼ ነበር» አለኝ። «ግን እውነቱን ልንገርሽ? ሦስት ጊዜ ታዝዞ ቅጣት የሚሰጥ ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮም አልፈርምለትም ነበር። የፈረቃው አለቃ አባትሽ ነው። አባትሽ ከሰል ሲያንሰው ተኩስ የሚል ሰው ነው። እኔ የምፈልገው አባትሽን አይሆንም የሚለውን ነው።» ከዚያ «ሻይሽ ቀጥኗል» ብሎኝ ሄደ። ሰኞ ፈረመ።

ሂልዳ መጥታ አቀፈችኝ። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልሆነም፤ ምክንያቱም ከተማው ሰኞ ጠዋት ፊርማውን፣ ሰኞ ማታ ደግሞ ወሬውን አገኘ። «ለወረቀት ብሎ ዋንጫ ሸጠ» ተባለ። ካልቨርሊ ቆሞ እያየው ስለነበር ፈርቶ ቅጣት አልሰጠም፣ አሉ። ያ ዕብድ ያሉት ሰውዬ ዕብድ አለመሆኑን ሲያውቁ ይበልጥ ጠሉት። እሑድ ሬጅ ወንበሩን አወጣ፤ ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም እሑድ አልመጡም። ቱግ ይላል ብለው ሲያምኑ ጉሮሯቸውን የሰጡት ሰዎች፣ ረጋ ያለ ሰው መሆኑን ባወቁ ማግስት ቤታቸው መስተዋት ፊት ቆመው ጉንጫቸውን ይቆራርጡ ጀመር። ሬጅ ግን እሑድ እሑድ ወንበሩን ማውጣቱን አልተወም። ምላጩን ይስላል፣ ፎጣውን ያጥፋል፣ እስከ እኩለ ቀን ይቀመጣል፣ መልሶ ያስገባል።

አባቴ አሰልጣኝነቱን ተወ። ከሬጅ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ከሥራ ውጭ ቃል አልተለዋወጠም። ይህ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ ቆየ።

ከዚያ በጥቅምት አንድ ሐሙስ፣ በአባቴ ፈረቃ ላይ ከሰሉ ከዕቅዱ አንሶ ነበር። ቀዳዳዎቹ ተበስተዋል፣ ድማሚቱ ገብቷል። ሬጅ ከመተኮሱ በፊት መብራቱን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርጎ ጋዝ ይኖር እንደሆነ ፈተሸ። የእሳቱ ጫፍ ሰማያዊ ሆነ፤ ጋዝ አለ ማለት ነው።

«አይተኮስም» አለ።

አባቴ ከኋላ መጣ። «አምስት ደቂቃ ጠብቅና ተኩስ። ነፋሱ ይወስደዋል።»

«አይሆንም፣ አለቃ።»

አባቴ በአሥራ አንድ ሰው ፊት እዚህ የማልደግመውን ስድብ ሰደበው። ሬጅ የድማሚቱ ሣጥን ላይ ተቀመጠና እጁን አጣጠፈ። «ብትፈልግ አባረኝ» አለው። «መተኮሻው ቁልፍ ግን ኪሴ ነው ያለው።» ቢቸግራቸው የጉድጓዱን አየር የሚቆጣጠሩትን ሠራተኞች ጠሩ፤ ከእንጨት ድጋፉ ኋላ ጣሪያው ውስጥ ባለ ጉድጓድ አንድ ክፍል የሚሞላ ጋዝ ተጠራቅሞ አገኙ። ቢተኮስ ኖሮ የአሥራ ሦስቱንም ሬሳ እንኳ አናገኝም ነበር። ይህን የነገሩኝ ሌሎቹ ናቸው። አባቴ ማታ መጥቶ በላ፣ ተኛ።

እሑድ ጠዋት ጃኬቱን ለበሰ።

«የት ነው?» አልኩት።

«ሬጅ ጋ።»

ሊጣሉ ነው ብዬ ተከተልኩት። መንገድ ላይ ዞሮ ሳያየኝ «ያኔ ለካልቨርሊ ማን እንደነገረው አውቃለሁ» አለኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ከኋላው እግሬን አፈጠንኩ።

ሬጅ ባዶው ወንበር አጠገብ ቆሞ ምላጩን ይስል ነበር። ሰዎች ከጸሎት ቤት ስለሚመለሱ መንገዱ ሙሉ ነው። አባቴ መጥቶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኮፍያውን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ጉሮሮውን አንጋጠጠ።

ሬጅ ምላጩን እንደያዘ መላጣውን አየው።

«ማንን ልጣልልህ፣ አለቃ?» አለው።

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። «ዝም ብለህ ላጭ» አለ።